የተነሱ ሀሳቦች

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤
ሰው ያለውን መጻፍ፣ ያላለውን መተው ነው ሥራዬ፣
እሱም ሲሆን ነው፣ ጌታዬ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከቸርችል ጎዳና በታች፣
ከሆስፒታላችን አዳራሽ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ታች፣
"ሕዝባዊ ምክክር" ይላል የተሰቀለው ጨርቅ፤
የሚመከርበት ጉዳይ ከሥሩ፣ በፊደል ደቃቅ፦
የስካን አገልግሎትን ለሦስተኛ ወገን ስለማስተላለፍ።
ሦስተኛው ወገን ከፊት ወንበር ነው፤
አንደኛውና ሁለተኛው ከደጅ፣ በሰልፍ።

ለየሰዉ አንዳንድ ውሃ፣ አንዳንድ እስክሪብቶ ታድሏል።
ሰብሳቢው ማይኩን ነካ ነካ አድርገው "ይሰማል?" ብለዋል።
ይሰማል።
መሰማቱስ ይሰማል።

ማሽናችን ከቆመ እነሆ ሰባተኛ ወሩ፤
መለዋወጫው ጅቡቲ ነው ተብሎ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ ካገሩ።
በሽተኛው ወረቀት ይዞ ይላካል፣ ወደ ግል፣ መንገድ ተሻግሮ፤
አንዱ ተነስቶ ይመለሳል፣
አንዱ ዋጋውን ሰምቶ ይቀራል፣ ወረቀቱን ኪሱ ቀብሮ።

ከረባት ያሰረው እንግዳ ሽቅብ የሚወጣ መስመር አሳየ፤
ካፒታል፣ ቅልጥፍና፣ የገቢ ድርሻ፣ የአሥር ዓመት ውል እያለ ቆየ።
እኔ "የተነሱ ሀሳቦች" ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

አንደኛ። ላቀው ተነሳ፣ ራጅ ክፍል ያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
"እኛስ?" አለ፤ የቀረው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረበት።
ሦስቱን ፊደል ሦስት ቃል አድርጌ ጻፍኩለት፦
የሠራተኞች ጉዳይ ተነስቷል።

ሁለተኛ። ሲስተር ውድነሽ፣ የአዳር ጋዋኗን ሳታወልቅ፦
"ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጭንቅላቱን የተመታ ሲመጣ
በራቸው ክፍት ነው ዝግ? ልወቅ።"
"ይታያል" አሏት።
ስካን አይደል፣ አልኩ በሆዴ፣ ሥራው መቼም ማየት ነው።

ሦስተኛ። ከወረዳ የመጣ የነጻ ታካሚ ወረቀት
በአዲሱ መስኮት ይሠራል ወይ? "በውሉ መሠረት።"
ውሉስ የታለ? "ገና ነው፤ ለዚህ እኮ ነው የተጠራችሁት።"

አራተኛ። ወይዘሮ ትብለጥ ማይክም አልጠበቀች፦
"የማንም ይሁን! የመንግሥት በሉት የነጋዴ፣
እኔ የምሻው የሚበራ ማሽን ነው፣ የሚታይበት ሆዴ።
ሰባት ወር በር ለበር ዞሬ
ባለቤቱ ማነው ብዬ ልጠይቅ ነው እንዴ?"
አዳራሹ ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠ።
ይህን ስጽፍ እጄ ፈጠነ፤ የትብለጥ ነገር ከሁሉ በለጠ።

ከዚያ ከበሩ ጥግ፣ ቃሬዛ ገፊው ሙዘይን፦
"ጥያቄ የለኝም፣ አስተያየትም፤ አንድ ነገር ብቻ ግን።
ማክሰኞና ረቡዕ ምድር ቤት ሲሚንቶ አውርጃለሁ፣ አርባ ከረጢት፤
ዛሬ ጠዋት ወለሉ ላይ ቆምኩበት፤
ደርቋል።
እኛ እዚህ የምንመክረው ታች ስለደረቀው ነው?"

የውሃ ክዳን ቀጭ ሲል ተሰማ። ሌላ ምንም።
ሰብሳቢው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ይህን አታንሺው" አሉኝ።
ተነስቷል እኮ፣ አልኳቸው፤
የተነሳን ነገር እንዴት አድርጌ ላስቀምጠው?

አምስተኛ፣ ብዬ ጻፍኩ። ሲሚንቶ የሚለው ቃል
ከመስመሩ ትንሽ ወደ ታች ሰጠመ።

እጅ ተነሳ፣ ቆጠርኩ። ላቀው ክንዱን እስከ ትከሻው አደረሰና
ጸጉሩን አከከ። ለየትኛው ወገን እንደምመዘግበው ጨነቀኝ።
የውሳኔው ገጽ ለነገሩ ትናንት ታትሟል፤
የእኔ ድርሻ ቀኑን መሙላት ነበር።

ሁሉም ወጥቶ ወንበር ስንደራርብ አንድ ሰው ቀርቷል፣
አባባ ቢያድግልኝ፣ ከመንዲዳ፣ ፌስታላቸውን አቅፈው።
የተሰብሳቢው መዝገብ ላይ በአውራ ጣት ፈርመዋል፤
ቀለሙ ገና ጥፍራቸው ሥር አለ።
"ልጄ" አሉኝ፣ "ቁጥርህ አርባ ሦስት ነው ተብያለሁ።
ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ሄደ፤
እኔ መቼ ነው የምነሳው?"